ያለ ቢላ ማኮላሸት

ፋሲካ ሲቃረብ በግ ተራ የቆመ ገዢ ከበጉ ፊት አይቆምም፤ ወደ ኋላው ይዞራል። ወገቡን ጨበጥ ያደርጋል፣ ላቱን ያነሣል፣ እጁን ወደ ታች ሰደድ አድርጎ ይዳስሳል፤ ከዚያ «ሙክት ነው?» ይላል። ዋጋው በዚህች መልስ ላይ ይንጠለጠላል። ሙክት ይሰባል፤ ጉልበቱን በመዋጋትና ሴት በማባረር አይጨርስም።

ገበሬው ደግሞ ከገበያው ሰው የረቀቀ ነገር ያውቃል። ወይፈን ገና በለጋነቱ ከተኮላሸ አንገቱ ቀጭን፣ ሻኛው ትንሽ ሆኖ ይቀራል፤ ቀንበር ሲጫንበት የሚይዝለት ነገር የለም። ስለዚህ አይቸኩልም። አንገቱ እስኪደነድን፣ ሻኛው ጉብ እስኪል በኮርማነቱ ያቆየውና ከዚያ ያኮላሸዋል። ቆለጡ ከጠፋ በኋላም የደነደነው አንገት እንደ ደነደነ ዕድሜውን ሁሉ ያርሳል። በዚህ ልማድ ውስጥ ሁለት ዕውቀቶች ተቀብረዋል። አንደኛው፣ ከቆለጥ የሚወጣ አንድ ነገር የወንድን አካል እንደሚሠራ ነው። ሁለተኛው፣ ያ ነገር የሚቋረጥበት ጊዜ ውጤቱን እንደሚለውጠው ነው። የሳይንስ ሰዎች ሁለቱን በሙከራ አረጋግጠው፣ በኋላም ቢላውን ትተው በመድኃኒት ማኮላሸት ችለው፣ የጊዜውን ድንበር በቀን ቆጥረው እስኪያስቀምጡ 160 ዓመት ገደማ ወስዶባቸዋል። ታሪኩ የሚጀምረው ከዶሮ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1848 የበጋ ወራት ጀርመን ውስጥ ገቲንገን በምትባል የዩኒቨርሲቲ ከተማ አርኖልድ በርትሆልድ የሚባል መምህር ስድስት ዶሮዎች ያዘ። ስድስቱም ወንዶች ናቸው፤ ጫጩትነቱን ጨርሰዋል፣ አውራነቱን ገና አልጀመሩም። ሁለቱን ሙሉ በሙሉ አኮላሻቸው። ሌሎች ሁለቱን አንዱን ቆለጥ አውጥቶ ሁለተኛውን ከሥሩ ነቅሎ እዚያው ሆዳቸው ውስጥ ተወላቸው። የቀሩትን ሁለት አለዋወጣቸው፤ የዚህኛው ቆለጥ በዚያኛው ሆድ ገባ፣ የዚያኛው በዚህኛው።

ከዚያ በኋላ ሥራው መጠበቅ ነበር። ሙሉ በሙሉ የተኮላሹት ሁለቱ ፈሪ ሆኑ። አናታቸው ላይ ያለው ቀይ ዘውድ ገርጥቶ ሳያድግ ቀረ፤ ጠብ አይጀምሩም፣ እንደ አውራ ዶሮ አይጮኹም። አራቱ ግን ኩኩሉ አሉ፣ እርስ በርስ ተናከሱ፣ ቄቦቹን አሳደዱ። በርትሆልድ በኋላ አርዶ ሆዳቸውን ሲከፍት የተተከለው ቆለጥ አንጀት ላይ ተጣብቆ፣ አዲስ የደም ሥር ስቦ፣ ደህና ሆኖ አገኘው። የተቆረጠው ነርቭ ግን ተመልሶ አልተቀጠለም። መልእክቱ በነርቭ ካልሄደ በደም ሄዷል ማለት ነው። ይህን ሁሉ በ1849 ያሳተመው በ4 ገጽ ነው። «ሆርሞን» የሚለው ቃል ገና አልተፈጠረም ነበር፤ ጽሑፉንም ለአሥርት ዓመታት ብዙ ሰው አልተከታተለውም።

ቀጥሎ የመጣው ለሳይንሱ ውለታ አልዋለለትም። በ1889 ብራውን ሴካር የሚባል እውቅ የፈረንሳይ ሐኪም በ72 ዓመቱ ከውሻና ከጊኒ ፒግ ቆለጥ የተጨመቀ ፈሳሽ ራሱን ወጋና ወጣትነቴ ተመለሰ አለ። ዛሬ እንደምናውቀው በዚያ ውኃማ ፈሳሽ ውስጥ ቁም ነገር ሊሆን የሚችል ሆርሞን አልነበረም። ብዙ ሽማግሌዎች ግን ተከተሉት።

እውነተኛው እርምጃ የመጣው ከከብት ነው። ቺካጎ በዚያን ጊዜ የአሜሪካ ቄራ ነበረች። የዩኒቨርሲቲው ሊቅ ፍራንክ ሊሊ ከወይፈን ጋር መንታ ሆና የተወለደች ጊደር ለምን አብዛኛውን ጊዜ መካን እንደምትሆን ሲመረምር፣ ሁለቱ ፅንሶች ማህፀን ውስጥ የደም ሥሮቻቸው ተገናኝተው ደም እንደሚጋሩ አየ። ከወንድሟ ደም የመጣው ነገር የእህቱን ማህፀንና እንቁላል ማፍሪያ ገና ሳይሠሩ አዛብቷቸዋል። ይህን በ1917 በሰፊው ጻፈ። በርትሆልድ በዶሮ ያሳየው የደም መልእክት፣ ሊሊ ጋ ሲደርስ ከመወለድ በፊትም የሚሠራ ሆኖ ተገኘ። ከዚያው ከተማ በ1927 ፍሬድ ኮክና ለሙኤል ማክጊ ከ18 ኪሎ የኮርማ ቆለጥ 20 ሚሊ ግራም ብቻ የሆነ ጭማቂ አወጡ፤ የተኮላሸ ዶሮ ላይ ሲወጉት የገረጣው ዘውድ ቀላና አደገ። በ1935 ኧርንስት ላኩውር አምስተርዳም ላይ ከ100 ኪሎ ቆለጥ 10 ሚሊ ግራም ንጹሕ ነገር አገኘና ቴስቶስትሮን አለው። በዚያው ዓመት ቡተናንትና ሩዚችካ በየፊናቸው በኬሚስትሪ ሠሩት። ያ የደም መልእክት ስም አገኘ፣ በብልቃጥም ተቀመጠ።

አሁን ወደ ፓሪስ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ ገና ነው። አልፍሬድ ዦስት የሚባል ወጣት ባዮሎጂስት ቀላል የምትመስል ጥያቄ ይዟል፦ ፅንስ ወንድ የሚሆነው በራሱ ጊዜ ነው ወይስ የሚያደርገው ነገር አለ? ይህን ለማወቅ ፅንሱን እናቱ ሆድ ውስጥ ሳለ ማኮላሸት ያስፈልጋል፤ ከዚያ በፊት በአጥቢ እንስሳ ይህን አሟልቶ ያደረገው አልነበረም።

ያረገዘችው ጥንቸል በማደንዘዣ ተኝታለች። ሆዷ ተከፍቷል፣ ማህፀኗ ወጥቶ ርጥብ ጨርቅ ላይ ነው። ዦስት የማህፀኑን ግድግዳ በጥቂቱ ይሰነጥቅና የፅንሱን የኋላ ግማሽ ብቻ ያወጣል፤ ቀሪው ውስጥ እንዳለ ነው። እንስሳው ከአውራ ጣት ብዙ አይበልጥም፤ ቆለጦቹ ደግሞ ለዓይን የሚያስቸግሩ ነጠብጣቦች ናቸው። ያወጣቸዋል። ፅንሱን መልሶ ያስገባል፣ ይሰፋል፣ እናቲቱን ይሰፋል፣ ይጠብቃል። ብዙዎቹ ይሞታሉ። የተረፉት ሊወለዱ ሲቃረቡ ተከፍተው ታዩ።

ሁሉም ሴት ነበሩ። የሴት ክሮሞዞም የያዙትም፣ የወንድ ክሮሞዞም የያዙትም ማህፀን አላቸው፤ ከውጭም ሴት ናቸው። በ1947 ያሳተመው ይህ ውጤት የቆየውን አስተሳሰብ ገለበጠው፦ የሚያዘው ቆለጥ ከሌለ የጥንቸል ፅንስ አካሉን የሚሠራው በሴት መልክ ነው። ወንድነት በደም በሚመጣ ትእዛዝ የሚሠራ ሥራ ነው።

ለዚህ ጽሑፍ ግን ከዋናው ውጤት ይልቅ ሁለት ዝርዝሮች ይበልጡብኛል። አንደኛው የቀኑ ነገር ነው። ጥንቸል የምታረግዘው አንድ ወር ገደማ ነው። ፅንሱ በ19ኛው ቀን ገደማ ከተኮላሸ ሙሉ በሙሉ ሴት ይመስላል፤ እስከ 24ኛው ቀን ገደማ ከቆየ ግን ቢላው ረፍዷል፤ ወንድነቱ ባመዛኙ ተሠርቶ ያልቃል። በመካከል የተኮላሹት ከሁለቱም የያዙ ሆኑ። የገበሬው በሬ አንገት እዚህ ማህፀን ውስጥ በአምስት ቀን ተጨምቆ ይታያል። ሁለተኛው ዝርዝር፣ ዦስት በተኮላሸው ፅንስ ውስጥ የቴስቶስትሮን ቅንጣት ሲያስቀምጥ የሆነው ነው። የወንዱ ቱቦዎች ዳኑ፣ ማህፀን የሚሆነው ቱቦ ግን አልጠፋም። እንግዲያው ቆለጥ ሁለት ትእዛዝ ይሰጣል ማለት ነው፦ ቴስቶስትሮን ወንዱን ይሠራል፣ ሌላ ነገር ደግሞ ማህፀኑን ያፈርሳል። ቢላ ሁለቱንም አብሮ ስለሚያጠፋ በቢላ ብቻ ሁለቱን መለየት አይቻልም።

ይህን የለየው በርሊን የተገኘ መድኃኒት ነው፤ የተገኘውም ሌላ ነገር ሲፈለግ ነው። ሼሪንግ የተባለው የመድኃኒት ኩባንያ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የእርግዝና ሆርሞን የሆነውን ፕሮጄስትሮንን የሚመስሉ አዳዲስ ቅመሞች ይሠራ ነበር። ኬሚስቱ ሩዶልፍ ቪሸርት ከሠራቸው አንዱ ሳይፕሮቴሮን አሴቴት ይባላል። የእንስሳት ሐኪሙ ፍሪድሙንድ ኖይማንና ባልደረቦቹ ያረገዙ አይጦችን በዚህ ቅመም ወግተው የተወለዱትን ሲመረምሩ ወንዶቹ ጠፉ። ማለትም ከውጭ ሲታዩ ሁሉም ሴት ናቸው። ሆዳቸው ሲከፈት ግን ግማሽ ያህሉ ቆለጥ አላቸው። በ1963 ይህን የሚገልጽ ጽሑፍ ወጣ።

ቆለጡ አለ፣ ቴስቶስትሮን ያመነጫል፣ አካሉ ግን አይሰማም። የመድኃኒቱን አሠራር እንዲህ ማየት ይቻላል። በሴሎቹ ውስጥ ቴስቶስትሮን የሚቀመጥበት ቦታ አለ፤ እሱ ሲቀመጥ ሥራ ይጀመራል። ሳይፕሮቴሮን በዚያ ቦታ ቀድሞ ይቀመጣል፤ መቀመጥ ይችላል፣ ማሠራት ግን አይችልም። በሾፌሩ ወንበር ላይ መንዳት የማይችል ሰው እንደ ተቀመጠበት ታክሲ ማለት ነው። ተሳፋሪው ሞልቷል፣ ነዳጁም አለ፣ ሾፌሩ በሩ ላይ ቆሞ ይለምናል፤ መኪናው ግን አይንቀሳቀስም።

የዦስት ሁለተኛ ዝርዝር ያስነሣው ጥያቄ የተመለሰው እዚህ ላይ ነው። በቢላ የተኮላሹት ጥንቸሎች ማህፀን ነበራቸው። በመድኃኒት «የተኮላሹት» ወንዶች ግን ከውጭ የሴት ብልት ይዘው ከውስጥ ማህፀን የላቸውም። ቆለጣቸው ስላለ ማህፀን አፍራሹ ትእዛዝ ወጥቷል፣ ተፈጽሟልም። የታገደው የቴስቶስትሮን ትእዛዝ ብቻ ነው። የኖይማን ባልደረባ ቫልተር ኤልገር በ1966 ይህንኑ በጥንቸል ፅንስ ላይ አሳየ፤ ዦስት በመቀስ የሠራበት እንስሳ ላይ ማለት ነው። እንደ እኔ ከሆነ በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ከዚህ የተዋበ ሙከራ የለም፤ አንዱ የጎደለው ሁለቱም ከጎደሉት ጋር ጎን ለጎን ተቀምጦ ሥራው ለየብቻው ተነበበ።

የሚቀጥሉት ዓመታት ፈጣን ናቸው። በ1971 ሻሊና ጊልማን የሚመሯቸው ሁለት ተፎካካሪ ቡድኖች ከአንጎል ሥር የሚወጣውንና ቆለጥን በሩቅ የሚያዘውን ትንሽ ሆርሞን ምንነት አወቁ፤ ለዚህ ከመቶ ሺህ በላይ አሳማዎችና በጎች አንጎል ተፈጭቷል። በ1972 አሜሪካዊው ሩዶልፍ ኔሪና ባልደረቦቹ ፍሉታማይድ የተባለውን አዲስ አጋጅ አስተዋወቁ። ሳይፕሮቴሮን ከማገድ ሌላ የፕሮጄስትሮንን ሥራም ይሠራል፤ ፍሉታማይድ ግን ወንበሩን ከመያዝ ሌላ የሆርሞን ሥራ የለውም። ለፕሮስቴት ካንሰር መድኃኒትነት በ1989 አሜሪካ ፈቃድ አገኘ። በቤተ ሙከራ ግን ሌላ ሙያ ያዘ፤ ተመራማሪ «የታገደ ወንድ ምን ይመስላል?» ሲል የሚያወጣው መለኪያ እሱ ሆነ።

በ1974 ጁሊያን ኢምፔራቶ ማክጊንሊ ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ አንድ ገጠር የመጣ ታሪክ አሳተመች። እዚያ አንዳንድ ልጆች ሲወለዱ ሴት መስለው ይታያሉ፤ ለአቅመ አዳም ሲደርሱ ወንድነታቸው ይወጣል። ምክንያቱ ቴስቶስትሮንን ወደ በረታው ዳይሃይድሮቴስቶስትሮን የሚለውጠው ኢንዛይም በውርስ መጉደሉ ነበር። የውስጥ ቱቦዎች በቴስቶስትሮን ብቻ ይሠራሉ፤ የውጭ ብልት ግን የበረታውን ይፈልጋል። መርክ የተባለው ኩባንያ ይህን ኢንዛይም የሚያግድ ክኒን ሠራ፤ ፊናስቴራይድ ይባላል፤ በ1992 ለፕሮስቴት ማበጥ፣ በኋላም በአነስተኛ መጠን ለራሰ በራነት ተፈቀደ። ያረገዙ አይጦች ሲሰጣቸው ወንዶቹ የሽንት ቧንቧቸው ከብልቱ ጫፍ ሳይሆን ከሥሩ የተከፈተ ሆነው ተወለዱ። በ1997 በወጣ ጥናት ያረገዙ ዝንጀሮዎች በቀን በኪሎ 2 ሚሊ ግራም በአፍ ሲሰጣቸው የወንድ ፅንሶቻቸው የውጭ ብልት ተዛብቶ ተገኘ። የውስጡ ደህና፣ የውጩ ጎዶሎ፤ የዶሚኒካኑ ታሪክ ግልባጭ ነው።

ከዦስት ወዲህ የተናገርነው ባመዛኙ ስለ ፅንስ ነው። ተወልዶ ጡት የሚጠባውስ? ወንድ ሕፃንም ወንድ የዝንጀሮ ግልገልም በተወለዱ በመጀመሪያዎቹ ወራት ቴስቶስትሮናቸው ለአጭር ጊዜ ከፍ ብሎ እንደገና ይተኛል፤ ሐኪሞች ትንሹ ጉርምስና ይሉታል። አትላንታ ውስጥ ዴቪድ ማንና ባልደረቦቹ በዚህ ጊዜ አዲስ የተወለዱ ዝንጀሮዎችን ከአንጎል ሥር የሚወጣውን ሆርሞን በሚመስል መድኃኒት አገዷቸው። ነገሩ ግራ ያጋባል፤ ትእዛዝ ሰጪውን የሚመስል ነገር እንዴት ትእዛዙን ያቆማል? እረኛ አልፎ አልፎ ሲጣራ ከብቱ ይሰማዋል፤ ከጠዋት እስከ ማታ ሳያቋርጥ ቢጮህ ግን ጆሮ የሚሰጠው የለም። መድኃኒቱ የሚጮኸው ያለ ማቋረጥ ነው። በ1989 እንደ ጻፉት እነዚያ ግልገሎች ለጉርምስና ዕድሜ ሲደርሱ ሆርሞናቸውም የቆለጣቸው እድገትም ከእኩዮቻቸው ወደ ኋላ ቀረ። መድኃኒቱ ከቆመ ዓመታት አልፈው ነበር።

እዚህ ድረስ ያሉት ሁሉ ሆን ተብለው የተሠሩ መድኃኒቶች ናቸው። በ1990ዎቹ ግን ጉዳዩ ከመድኃኒት ቤት ወደ እርሻ ወጣ።

ቪንክሎዞሊን ወይንና እንጆሪ ላይ የሚወጣ ሻጋታ መግደያ ነው፤ ከሰው ሆርሞን ጋር የሚያገናኘው ነገር ያለ አይመስልም። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ ባለው ቤተ ሙከራ ኧርል ግሬይና ባልደረቦቹ ያረገዙ አይጦችን ከእርግዝናው 14ኛ ቀን ጀምሮ ልጆቹ ተወልደው ሦስት ቀን እስኪሞላቸው ቪንክሎዞሊን አጠጧቸው። ውጤቱ በ1994 ወጣ።

እንዲህ ያለው ምርመራ ቅርብ ሆነው ሲያዩት ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ፤ አይጥ ለማየት የማይፈልግ አንባቢ ይህን አንቀጽ ይለፈው። ልጁ ሲወለድ ሮዝ፣ ፀጉር አልባ፣ ዓይኑ የተጨፈነ ነው። ወንድና ሴት በብልት መልክ አይለዩም፤ የሚለዩት በፊንጢጣና በብልት መካከል ባለው ርቀት ነው። የወንዱ ከሴቷ እጥፍ ገደማ ነው፤ ሁለቱም ግን በሚሊ ሜትር የሚቆጠሩ ናቸው። መርማሪው ልጁን በእጁ ላይ ይገለብጥና በማጉያ መነጽር ይለካል። ሁለት ሳምንት ሊሞላው ሲል ደግሞ ሆዱን ፀጉር ሳይሸፍነው ይመለስበትና የጡት ጫፍ ይቆጥራል። ሴት አይጥ 12 አላት፤ ወንድ አይጥ እንደ ሰው አይደለም፣ አንድም የለውም፤ ፅንስ ሳለ ሆርሞኑ እምቡጦቹን አጥፍቷቸዋል። ቪንክሎዞሊን ባለበት ማህፀን ያደጉት ወንዶች ርቀታቸው የሴት ነበር፣ የጡት ጫፍ ነበራቸው፣ የሽንት ቧንቧቸው ከሥር የተሰነጠቀ ነበር። የአንዳንዶቹ ቆለጥ ቦታውን ስቷል። አድገው ሴት ላይ ቢወጡም ማስረገዝ አልቻሉም። ምክንያቱን ዊሊያም ኬልስ በዚያው ዓመት አሳየ፦ ቪንክሎዞሊን ሰውነት ውስጥ ሲፈራርስ የሚወጡት ሁለት ነገሮች የሾፌሩን ወንበር ይይዛሉ።

በ1995 ኬልስና ባልደረቦቹ ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ሌላ ስም ጨመሩ፦ ዲዲኢ። ዲዲቲ በሰውና በእንስሳ ሰውነት ሲለወጥ የሚተርፈው ቅሪት ነው፤ ስብ ውስጥ ገብቶ ለዓመታት ይቀመጣል፣ በጡት ወተትም ይወጣል። ለካ እሱም አጋጅ ነው። ፍሎሪዳ ውስጥ በ1980 ፀረ ተባይ ኬሚካል የፈሰሰበት የአፖፕካ ሐይቅ ወጣት አዞዎች ቴስቶስትሮናቸው አንሶ፣ ብልታቸው ትንሽ ሆኖ የተገኘበት ምክንያት ሲፈለግ ይህ ግኝት ትኩረት ሳበ። እኛም አገር ዲዲቲ እንግዳ አይደለም። ለወባ መከላከያ ለአሥርት ዓመታት በየቤቱ ግድግዳ ተረጭቷል፣ አዳሚ ቱሉ ያለው ፋብሪካም ያዘጋጀው ነበር፤ በረጪዎቹ ቀን ዕቃ አውጥቶ ደጅ የተቀመጠ አንባቢ ሽታውን አይረሳውም። የአይጥን ውጤት በቀጥታ ወደ ሰው መገልበጥ ልክ አይሆንም፤ የተሰጣቸው መጠን ብዙ ነው። ወባም ሰው ይገድላል። ያም ሆኖ ጥያቄው የእኛም ነው።

በ1996 የአሜሪካ ምክር ቤት ፀረ ተባዮች የሆርሞንን ሥራ ያዛቡ እንደሆነ እንዲፈተሹ በሕግ አዘዘ። በ1999 ከግሬይ ቤተ ሙከራ ሁለት ነገሮች ወጡ። የመጀመሪያው የመጠን ነው፦ የርቀት ማጠርና የጡት ጫፍ ምልክት በቀን በኪሎ ከ3 ሚሊ ግራም ጥቂት በሚበልጥ ቪንክሎዞሊን ጭምር ታየ። ሁለተኛው ስለ ጎረምሶች ነው። ጡት ከጣሉ በኋላ ለአንድ ወር ያህል ቪንክሎዞሊን የተሰጣቸው ወንድ አይጦች ጉርምስናቸው ዘገየ፤ የፕሮስቴት ዕጢያቸውና የዘር ከረጢታቸው ቀጨጨ። ጉርምስና በአይጥ የሚታወቀው ሸለፈቱ ከብልቱ ጫፍ በሚላቀቅበት ቀን ነው፤ መርማሪው በየቀኑ እያየ ቀኑን ይመዘግባል። አንጎል ደግሞ ትእዛዙ እንዳልደረሰ ስለሚመስለው ቆለጥን የሚያነቃውን ሆርሞን ጨመረ። ደሙ በትእዛዝ ተሞላ፤ አካሉ ግን ተራበ።

የፅንሱንና የጎረምሳውን ልዩነት ልብ በሉ። ጎረምሳው ዘገየ፣ ቀጨጨ። ሽንት ቧንቧው ግን አልተሰነጠቀም፣ የጡት ጫፍም አላበቀለም። ቅርጹ አንዴ ተሠርቶ አልቋል፤ መድኃኒቱ የሚነካው እድገቱን ነው። እንግዲያው ቅርጹ የሚያልቀው መቼ ነው?

ይህን የመለሱት ኤድንብራ ያሉት ሚሼል ዌልሽ፣ ሪቻርድ ሻርፕና ባልደረቦቻቸው ናቸው፤ በ2008። አይጥ የምታረግዘው ሦስት ሳምንት ገደማ ነው። ያረገዙትን በቡድን ከፋፍለው ፍሉታማይድ ሰጡ፤ ለአንዱ ቡድን ቀደም ብሎ፣ ለሌላው በመካከል፣ ለሌላው ወደ መጨረሻ፣ እያንዳንዱ ለጥቂት ቀናት ብቻ። መጠኑ አንድ፣ መድኃኒቱ አንድ፣ የሚለየው ቀኑ ነው። የሽንት ቧንቧ ጉድለትና ያልወረደ ቆለጥ ያመጣው ቀደም ብሎ፣ ከ15ኛው ቀን ተኩል አንስቶ የተሰጠው ነው። መስኮቱ በ18ኛው ቀን ተኩል ገደማ ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ ያን ያህል መድኃኒት ቢሰጥ እነዚህ ጉድለቶች አልመጡም። በግልባጩም ፈተኑት፦ ለሴት ፅንሶች ቴስቶስትሮን ሲሰጥ የወንድ አካል የጀመሩት በዚያችው መስኮት የደረሳቸው ብቻ ናቸው።

የሚያስገርመው በእነዚያ ሦስት ቀናት ፅንሱ ላይ ለዓይን የሚታይ ነገር አለመኖሩ ነው። ብልቱ ገና አልተሠራም፣ ቆለጡም አልወረደም። ትእዛዙ ይሰጥና ይቀመጣል፤ ግንባታው በኋላ ይካሄዳል። ትእዛዙ በሚሰጥበት ቀን የታገደ ፅንስ በኋላ ሆርሞኑ በሽ ቢሆንለትም የሚሠራበት ትእዛዝ የለውም። በፊንጢጣና በብልት መካከል ያለው ርቀት ደግሞ በዚያች መስኮት ምን ያህል ሆርሞን እንደ ሠራ ዕድሜ ልክ የሚመሰክር ሆኖ ተገኘ። ሻና ስዋን ከዚህ ሦስት ዓመት ቀደም ብላ፣ በ2005፣ በ85 ወንድ ሕፃናት ላይ ይህንኑ ርቀት ለክታ፣ እናቶቻቸው በእርግዝና ጊዜ ሽንታቸው ውስጥ ፕላስቲክ ማለስለሻ የሆነው የፍታሌት ቅሪት በርክቶ ከተገኘባቸው ልጆች ጋር አነስ ብሎ ማግኘቷን ጽፋ ነበር። ፍታሌት ወንበሩን አይይዝም፤ ቆለጡ ቴስቶስትሮኑን እንዳያመነጭ ያደርጋል። መንገዱ ይለያል፣ ርቀቱ ያው ነው።

በዚያው በ2008 የግሬይ ቡድን እነዚህን ሁለት መንገዶች አንድ ላይ ፈተነ፤ ወንበር የሚይዙ ፀረ ተባዮችንና ፍታሌቶችን ጨምሮ ሰባት ኬሚካሎች ተቀላቅለው ለእርጉዝ አይጦች ተሰጡ። ለየብቻቸው ትንሽ ጉዳት የሚያደርሱበት መጠን ሲደመር ከባድ ሆነ። በ2009 ደግሞ የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት አዳዲስ ኬሚካሎች የሚፈተኑበትን ደንብ አወጣ። የተኮላሹ ወጣት ወንድ አይጦች ቴስቶስትሮን ከሚፈተሸው ኬሚካል ጋር ለ10 ቀናት ይሰጣቸዋል፤ ከዚያ አምስት የአካል ክፍሎች ይመዘናሉ። ከቀለሉ ኬሚካሉ አጋጅ ነው። የማነጻጸሪያው መድኃኒት ፍሉታማይድ ነው። በርትሆልድ የዶሮ ዘውድ አይቶ የፈረደውን አሁን ሚዛን ይፈርደዋል።

የኤድንብራዎቹ ተመራማሪዎች የአይጧን መስኮት ወደ ሰው ሲያሰሉት ከ8ኛው እስከ 14ኛው የእርግዝና ሳምንት ገደማ ይሆናል ብለዋል። ይህ ብዙ ሴት ማርገዟን ገና ለጎረቤት ያልነገረችበት፣ አንዳንዷም ራሷ በቅጡ ያላወቀችበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ቤታችሁ ውስጥ ለፕሮስቴት ወይም ለፀጉር መነቃቀል ፊናስቴራይድ የሚወስድ ሰው ካለ፣ የተሰበረውን ወይም የተፈጨውን ክኒን ያረገዘች ወይም ልታረግዝ የምትችል ሴት በእጇ አትንካው፤ የመድኃኒቱ ወረቀትም ይህንኑ ይላል። ሰውየው ክኒኑን ለሁለት ከፍሎ መዋጥ ከለመደም፣ ፍርፋሪውን ራሱ ይጥረገው።